«ከብት አይደል፣ ይዋጋል» የሚለው መልስ ምን ያህል ያስከፍላል?

ከሦስትና ከአራት መንጋ የተገዙ ሃያ ወይፈኖች ዳበል ላይ ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ በረት ሲገቡ ሁሉም ደህና ናቸው። የዋጋው ድርድር አልቋል፣ የደላላው ድርሻ ተሰጥቷል፣ መኪናው ንጋት ላይ ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል። ጎህ ሲቀድ ግን አንዱ ያነክሳል፣ የሌላው ጎን በቀንድ ተሰንጥቋል፣ ሦስተኛው ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ከምሽት ጀምሮ ወደ ውኃው ገንዳ አልቀረበም። ጠባቂው ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው፦ «ከብት አይደል፣ ይዋጋል።»

በሞያሌ በኩል ከብት የሚያሻግር ነጋዴ ሁሉ ይህን መልስ ያውቀዋል። ብዙውም ተቀብሎት ያልፋል፤ ጉዳቱንም እንደ ዝናብ መቅረት ከላይ የመጣ ዕጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። ነገር ግን እነዚያው ወይፈኖች ከትናንት በስቲያ በየመንጋቸው ሲግጡ እንዲህ አልተዋጉም። ጠቡን የፈጠረው ሰው ነው፤ የማይተዋወቁትን በጠባብ ቦታ፣ በአንድ ሌሊት፣ ያለ መሸሻ አንድ ላይ ዘጋባቸው። ሰው የፈጠረውን ወጪ ሰው ሊቀንሰው ይችላል።

ጠቡ ከየት ይመጣል?

በአንድ መንጋ አብረው ያደጉ ከብቶች ደረጃቸውን ያውቃሉ። ማን ቀድሞ እንደሚጠጣ፣ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ ተለይቷል። ደረጃው አንዴ ከጸና በኋላ አንገት ማዞር ወይም ቀንድ ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ ውጊያ አያስፈልግም። ከሌላ መንጋ የመጣ ኮርማ ሲጨመር ግን ይህ ሁሉ ይፈርስና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ብርቱው ግፊያና ውጊያ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይበርዳል።

ረጅሙ ውጊያ በእኩዮች መካከል የሚደረገው ነው፤ አንዱም አይለቅምና። ትንሹ ከትልቁ ፊት ቶሎ ይሸሻል። በግጦሽ መሬት ላይ የተሸነፈው ሃምሳ እርምጃ ሮጦ ይድናል። በበረት ውስጥ ግን አጥሩ ያቆመዋል፤ አሸናፊው መሸነፉን ስለማያይ ደግሞ ይወጋዋል። ስለዚህ በበረት ከውጊያው ይልቅ የሚጎዳው መሸሻ ማጣቱ ነው።

ያልተኮላሸ ወይፈንና ኮርማ ከሰንጋ ይልቅ ይዋጋል። ፍየሎችም የራሳቸው ደረጃ አላቸው፤ ገንዳው ጠባብ ሲሆን ቀንዳሞቹ ሌሎቹን ከመኖና ከውኃ ያባርራሉ። ከሁሉ የከፋው ስሪያ ላይ ያለ አውራ ግመል ነው። ጥርሱን ያፋጫል፣ አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ ላንቃውን እንደ ፊኛ ነፍቶ ከአፉ ጎን ያወጣዋል፣ ከማጅራቱ ጥቁር ፈሳሽ ይወርዳል፣ መብላት ይቀንሳል። ይህን ምልክት የሚያሳይን ግመል ከሌላ አውራ ጋር በአንድ መኪና የሚጭን ሰው ንክሻውን አስቀድሞ ገዝቶታል።

የዓሣ ነጋዴዎች የሚያውቁት

በኬንያ የባሕር ዳርቻ፣ በሞምባሳ፣ በኪሊፊና በኳሌ በኩል፣ የቁም እንስሳ የሚነግዱ ሌሎች ሰዎች አሉ። ጠላቂዎች ከኮራል ሪፍ ውስጥ በመረብ የሚይዟቸውን ባለ ቀለም ዓሦች፣ በውጭ አገር ሰዎች በየቤታቸው ለሚያስቀምጧቸው የጨው ውኃ የመስታወት ገንዳዎች፣ ማለትም ለአኳሪየም ይልካሉ። አሠራራቸው ለከብት ነጋዴ ትምህርት አለው። እያንዳንዱ ዓሣ ውኃና ኦክስጅን ባለበት የራሱ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ለብቻው ይታሸጋል። ከረጢትና ቦታ ለመቆጠብ ሁለት የማይተዋወቁ ዓሦችን በአንድ ላይ ማሸግ፣ አንዱ የሌላውን ክንፍ ነክሶ የተቀደደ ዓሣ ማድረስ ነው። የተቀደደ ዓሣ ደግሞ ገዢ የለውም።

አኳሪየም ያለው ሰውም የራሱ ዘዴዎች አሉት። ብዙ የሪፍ ዓሦች የመኖሪያ ቦታቸውን አጥብቀው ይከላከላሉ፤ በመልክና በቅርጽ የሚመስላቸውን ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ያጠቃሉ። ቀድሞ የገባው ገንዳውን የራሱ ያደርጋል። ስለዚህ ገራሞቹ መጀመሪያ፣ ተናካሹ መጨረሻ ይገባሉ። አዲስ ዓሣ ሲጨመር መብራት ይጠፋል፤ በውስጥ ያሉት ድንጋዮች ቦታቸው ይቀየራል፤ ያን ጊዜ ነባሩም እንግዳ ይሆናል። አንዳንዱም አዲሱን ብርሃን በሚያስተላልፍ ሳጥን ውስጥ ለጥቂት ቀናት ለይቶ ያቆየዋል፤ ይተያያሉ፣ ግን አይነካኩም። መደበቂያ ጉድጓዶች ይበዛሉ፤ ምግብም በአንድ ጥግ ሳይሆን በተለያየ ቦታ ይበተናል።

ነጋዴው ይህን ሁሉ ወደ በረቱ ይገልብጠው ማለት አይደለም። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ የጉዳዩም ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የአኳሪየም ባለቤት ዓሦቹ ለዓመታት አብረው እንዲኖሩ ይፈልጋል። ደረጃቸውን ለይተው እስኪረጋጉ የሚከፍለው ዋጋ በኋላ በሚገኘው ሰላም ይመለስለታል። የከብት ነጋዴው ወይፈኖች ግን አብረው የሚቆዩት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ ቄራ ይገባሉ። ደረጃ የማውጣቱን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ይከፍላሉ፤ ጥቅሙን ግን አያገኙትም። ጠቡ ሲበርድ መኪናው ናይሮቢ ደርሷል። ስለዚህ ለመንገድ ከብት ትክክለኛው ዘዴ የዓሣ ባለቤቱ ማላመድ ሳይሆን የዓሣ ላኪው ከረጢት ነው፦ አለመቀላቀል።

ቦረና ከጥንት የሚያውቀው

ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ እውቀት አይደለም። የቦረና አርብቶ አደር የሚታለቡትን ላሞችና ጥጆች ከመንደሩ አጠገብ፣ በዋራ መንጋ ያቆያል፤ የማይታለቡትንና ኮርማዎቹን በፎራ መንጋ ወደ ሩቅ ግጦሽ ይልካል። በቱላ ጉድጓዶች ላይ ደግሞ መንጋ ከመንጋ ተደባልቆ አይጠጣም። የውኃውን ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ። መንጋው ተራው እስኪደርስ ርቆ ይጠብቃል፤ ሲጠራ ወርዶ ይጠጣል፤ ከጠጣ በኋላ ለሚቀጥለው ይለቃል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ከብቶች በአንድ ቀን በአንድ ገንዳ ያልፋሉ፤ የሚጋፉት ግን ከራሳቸው መንጋ ጋር ብቻ ነው።

እንግዲህ አርብቶ አደሩ ለዓመታት ለይቶ ያሳደገውን ነጋዴው በአንድ ምሽት ይደባልቀዋል። ከሻጩ እጅ ደህና የወጣው ከብት በገዢው እጅ ይጎዳል። የሚያሳዝነው ከብቱን የሚጠብቀው ልጅ ብዙ ጊዜ ከዚያው ከአርብቶ አደሩ ቤት የመጣ መሆኑ ነው፤ ጉዳዩን ያውቀዋል፣ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ሒሳቡ

ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እንየው። ሃያ ወይፈን፣ መኪናና ሌላ ወጪ ተጨምሮ አንዱ 60 ሺህ ሽልንግ ወጣበት እንበል፤ ጠቅላላው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው። ናይሮቢ ላይ በ65 ሺህ ሲሸጥ ከአንዱ 5 ሺህ፣ ከሃያው 100 ሺህ ሽልንግ ትርፍ ይጠበቃል። በመንገድ ላይ አንዱ ተረግጦ ቢሞትና አራቱ በቁስልና በማንከስ ምክንያት እያንዳንዳቸው 4 ሺህ ቢቀነስባቸው ከአሥራ ዘጠኙ ሽያጭ የሚገባው 1 ሚሊዮን 219 ሺህ ነው። ትርፉ 19 ሺህ ሽልንግ ብቻ ይሆናል። ከአምስቱ እጅ አራቱ በአንድ ሌሊት ጠፋ ማለት ነው። አንድ የሞተ ወይፈን ብቻውን የአሥራ ሁለት ወይፈኖችን ትርፍ ይበላል።

ነጋዴው ራሱ የሚያወጣውን ቁጥር በዚህ ቦታ ቢተካ ውጤቱ ይለያያል፤ መልኩ ግን አይቀየርም። በዚህ ንግድ የአንድ ከብት ትርፍ ከዋጋው ጋር ሲነጻጸር ቀጭን ነው። ቀጭን ትርፍ ላይ ደግሞ ጥቂት ጉዳት ብዙ ይቆርጣል።

ሌላው ኪሳራ ከቆዳው በታች ስለሆነ በዓይን አይታይም። በቀንድ የተመታ ሥጋ ደም ይቋጥራል፤ የቄራው ተቆጣጣሪ ቆርጦ ይጥለዋል። ሌሊቱን ሲጋፋ ያደረ ወይፈን ደግሞ በጡንቻው ውስጥ ያከማቸውን ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለውን፣ ይጨርሳል። ከእርድ በኋላ ሥጋው ወደሚገባው የአሲድነት ደረጃ እንዲወርድ የሚያደርገው ይህ ስኳር ነው። ደህና ሥጋ በፒኤች መለኪያ ወደ 5.5 አካባቢ ይወርዳል። ስኳሩ ያለቀበት ግን ከ6 በላይ ይቀራል፤ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎ ይበላሻል። ሥጋ ሻጩ «ያረጀ ከብት ሥጋ ነው» ብሎ ዋጋ ይቆርጥበታል፤ ወይፈኑ ግን ገና ወጣት ነበር። የጠፋው ስኳር በአንድ ሌሊት ዕረፍት አይመለስም፤ ከብት ለመተካት መኖና ውኃ እያገኘ ቀናት ይፈልጋል።

የቦረና ከብትና ፍየል በገበያ ስም ያላቸው በሥጋቸው ጥራት ነው። ያ ስም በዳበል ግጦሽ ላይ ተገንብቶ በመንገድ ላይ ይፈርሳል።

በሽታም አለ። የተጨነቀ እንስሳ በሽታ የመቋቋም አቅሙ ይደክማል። ከተለያየ መንጋ የመጡ ፍየሎች በጠባብ በረት ትንፋሽ ለትንፋሽ ሲያድሩ የፍየል ሳንባ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመተላለፍ የተመቸ መንገድ ያገኛል። ያልተቀላቀለ መንጋ ቢታመም እንኳ በሽታው ከየት እንደመጣ ይታወቃል።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ሥራ በግዢ ቀን ይጀመራል። ከአንድ ቤት የተገዙት በአንድ ቀለም ምልክት ይደረግባቸው፤ ከሌላው ቤት የመጡት በሌላ ቀለም። ከዚያ ቀለሙ እንደ ቤተሰብ ስም ሆኖ እስከ ቄራው በር ይከተላቸው። በተቻለ መጠን ከብዙ ቤት አንድ አንድ ከመግዛት ከጥቂት ቤት ብዙ መግዛት ይሻላል፤ በከብት ጥቂት መቶ ሽልንግ ቢጨምርም ያዋጣል።

በረቱ በግንድና በእሾህ አጥር ይከፈል። ለሃያ ከብት ሦስት ክፍል ይበቃል። ቀንድ ያለው ከሌለው፣ ትንሹ ከትልቁ ይለይ። አስቸጋሪ ኮርማ ለብቻው ይታሰር። ስሪያ ላይ ያለ አውራ ግመል ለብቻው ይጓዝ፤ ካልሆነም ወቅቱ እስኪያልፍ ይቆይ። እናት ከግልገሏ አትለይ።

መቀላቀል የግድ ሲሆን ከዓሣ ባለቤቶቹ ዘዴ መበደር ይቻላል። ሁሉም ለሁሉም አዲስ በሆነ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ ይግቡ፤ ቀድሞ ቦታ በያዘ መንጋ ላይ ሁለት ሦስት መጨመር ከሁሉ የከፋ ነው። ቦታው ሰፊ ይሁን፤ የተሸነፈው የሚሸሽበት ይኑረው። ውኃና መኖ ቢያንስ በሁለት ተራራቂ ቦታ ይቀመጥ። ይህም በቀን፣ ጠባቂ እያየ፣ ከመጫን ብዙ ቀናት አስቀድሞ ይሁን እንጂ በመጫኛው ዋዜማ ሌሊት አይሁን። ከብቱን ለወራት የሚያደልብ ነጋዴ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እርሱ ለረጅም ጊዜ አብረው የሚቆዩትን ያላምዳል፤ ወጪውም ይመለስለታል።

በመኪናው ላይም ቀለም ከቀለም ጋር ይጫን፤ በመካከል አግዳሚ ግንድ ይታሰር። ከመጠን በላይ ማጨቅ ጠብን አያስቀርም፤ የወደቀው እንዳይነሳ ያደርገዋል፣ የሌሎቹ ኮቴ ይጨርሰዋል። ከመጠን በላይ ማሳሳትም በየኩርባው ያንገዳግዳቸዋል። ከሞያሌ ናይሮቢ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አስፋልቱ ጉዞውን አሳጥሮታል፣ ረዳቱ ግን በማርሳቢትና በኢሲዮሎ ወርዶ የወደቀ ካለ የማየቱን ልማድ መተው የለበትም። ሲደርሱም ተረካቢው በቄራው በረት እንደገና እንዳይደባልቃቸው አስቀድሞ ይነገረው፤ አለዚያ መንገድ ሁሉ የተጠበቀው በመጨረሻዋ ሌሊት ይጠፋል።

ይህ ምክር አዲስ አይደለም። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የየብስ ማጓጓዣ ደንብ አብረው ያደጉ እንስሳት በአንድነት እንዲቆዩ፣ ጠበኞች እንዲለዩ፣ ቀንዳሞች ቀንድ ከሌላቸው ጋር እንዳይደባለቁ ይላል። ኢትዮጵያም ኬንያም የድርጅቱ አባላት ናቸው። ደንቡ ግን በወረቀት ላይ እንዳለ ዳበል በረት ድረስ አልወረደም።

ለምን አልተደረገም?

ነጋዴዎች የሚያነሷቸው መከራከሪያዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። መኪናው የተከራየ ነው፣ የቆመበት ሰዓት ይከፈልበታል፣ የፈቃዱ ወረቀት ቀን አለው። እውነት ነው። ነገር ግን ለይቶ መጫን ከደባልቆ መጫን የሚወስደው ተጨማሪ ጊዜ ለሃያ ከብት ብዙ አይደለም፤ የተዋጉ ከብቶችን ወደ መኪና ለማውጣትም ጊዜ ያልፋል፣ ዱላም ይጨመራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ሁለተኛው ትንሹ ነጋዴ ነው። አምስት ከብት ከአምስት ቤት የሚገዛ ሰው ቀለም ለይቶ የሚጭነው መንጋ የለውም። ለእርሱ መፍትሔው ከጎረቤት ነጋዴ ጋር መነጋገር ነው። ሁለቱ ከአንድ ሰፈር የገዟቸውን በአንድ መኪና፣ ከሌላው ሰፈር የገዟቸውን በሌላው ቢጭኑ፣ ቀለሙ የቤቱን ብቻ ሳይሆን የባለቤቱንም ቢለይ፣ ሒሳቡ ናይሮቢ ላይ ይተሳሰባል። ይህ መተማመን ይጠይቃል፤ የሞያሌ ንግድ ደግሞ ድሮም የቆመው በመተማመን ነው። ያ ካልተቻለ አምስቱን ለያይቶ ማሰር ይቻላል፤ ገመድ ከወይፈን ይረክሳል።

ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት የክፍያው አሠራር ነው። ደላላው የሚከፈለው በራስ ቁጥር ነው፤ ጫኞቹ በመኪና፤ ሹፌሩ በጉዞ። ከብቱ ደህና ስለ መድረሱ የሚከፈለው ማንም የለም። ከነጋዴው በስተቀር አንድም ሰው ከጉዳቱ አይጎዳም፤ ነጋዴው ደግሞ ያን ሌሊት በረቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጠባቂውን መገሠጽ ብቻ ለውጥ አያመጣም። የጠባቂውና የረዳቱ ክፍያ አንድ ድርሻ ከብቱ ቆሞ ሲወርድ የሚከፈል ቢሆን አግዳሚው ግንድ በማግስቱ ይታሰራል። ተረካቢውም በየቀለሙ ስንት እንዳነከሰና ስንት እንደቆሰለ ቆጥሮ በስልክ ቢልክ፣ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ነጋዴው የትኛው በረትና የትኛው ድብልቅ እንደሚያከስረው ከራሱ ደብተር ያነባል።

የቀረው የገበያ አስተዳዳሪዎች ድርሻ ነው። በሁለቱም ሞያሌዎች ከሚሸጠው ከብት ክፍያ ይሰበሰባል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የአንድ ማቆሚያ የድንበር ጣቢያ የሰውንና የሸቀጡን ወረቀት ለማቅለል የታሰበ ነው፤ ከብቱ የሚያድርበት በረት ግን ያው አንድ ወጥ አጥር ነው። ከሚሰበሰበው ክፍያ ጥቂቱ ለበረት ክፍፍልና ለሁለተኛ የውኃ ገንዳ ቢውል፣ ከፋዩ ነጋዴ ለከፈለው የሚያየው ነገር ያገኛል። የነጋዴዎች ማኅበራት በሚቀጥለው የክፍያ ድርድር ላይ ይህን ስም ጠርተው ቢያነሱት ከልመና አይቆጠርባቸውም፤ የራሳቸው ገንዘብ ነው።

እስከዚያው ድረስ መጠበቅ አያስፈልግም። ከዳበል ለሚነሳው ለሚቀጥለው ጭነት የሚያስፈልገው ሁለት ቀለም፣ ጥቂት ግንድ፣ ገመድና አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም ለጠባቂው ልጅ የሚቀርብ ነው፦ «ከእነዚህ መካከል የማይተዋወቁት የትኞቹ ናቸው?» መልሱን እርሱ ያውቀዋል።